ሦስት ዌብሳይት፣ ሦስት መልስ፦ የእርሾ ጂኖች ዝርዝሬን የትኛው ይፍታልኝ?

ጌሾ_ቅጠል (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

የማስተርስ ሥራዬ ላይ ነኝ። ቢዋይ4741 የተባለውን የላብራቶሪ እርሾ አልኮል በተጨመረበት ሚዲያ (የእርሾ ማሳደጊያ ምግብ) አሳደግን። አልኮል ከሌለበት ጋር አነጻጽረን አርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ (የትኛው ጂን ምን ያህል እየተነበበ እንደሆነ የሚለካ) አሠራን። ዳታው ተተንትኖ መጣልኝ። አሁን እጄ ላይ ያለው አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። ውስጡ ኤክስፕሬሽናቸው (የመነበብ መጠናቸው) የጨመረ 200 ገደማ ጂኖች አሉ። አማካሪዬ “እነዚህ ጂኖች በጋራ ምን እየሠሩ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፊልኝ” አሉኝ።

መጀመሪያ ኤስጂዲ ላይ (የሳካሮማይሲስ ጂኖም ዳታቤዝ ማለቴ ነው) አንድ በአንድ እየከፈትኩ ማንበብ ጀመርኩ። ደስ ይላል፣ ግን አያልቅም። ከዚያ ዝርዝሩን እንዳለ ኮፒ አድርጌ ሦስት ቦታ ለጠፍኩት። የኤስጂዲው ጂኦ ተርም ፋይንደር ጥቂት መስመር ሰጠኝ፤ ፕሮቲን መተጣጠፍ፣ ለሙቀት ምላሽ፣ ትሬሃሎዝ የሚባል ስኳር ምናምን። ጂ-ፕሮፋይለር ደግሞ ወደ ታች ብወርድ ብወርድ የማያልቅ ሠንጠረዥ ዘረገፈልኝ። ዴቪድ በቡድን በቡድን ከፋፍሎ ሌላ ፒ-ቫልዩ (ሲያንስ፣ ውጤቱ በዕድል ብቻ አልመጣም የሚያሰኝ ቁጥር) አመጣ። ያው አንድ ዝርዝር እኮ ነው! ስትሪንግ የሚባለውን፣ የፕሮቲኖችን ግንኙነት የሚስለውንም ሞክሬ ነበር፤ መስመር በመስመር ላይ የተደራረበበት ሥዕል ሰጥቶኝ ዘጋሁት።

የቱን ልመን? ኮድ መጻፍ አልችልም፤ ላፕቶፔም አቅም የለውም። በብሮውዘር የሚሠራ ነገር ብቻ ንገሩኝ፣ በናታችሁ።

ፒፔት_ያዥ

ጂ-ፕሮፋይለር። በቃ። ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፣ ለእርሾም ለሰውም ይሠራል፣ ሥዕሉም ያምራል። ከላይ ያሉትን አምስት መስመሮች ጻፊና ተገላገይ። አማካሪሽም ከዚያ በላይ አያነቡም።

ስሌት_ወዳድ

ኧረ በፈጣሪ፣ ፒፔት! ሰው ዲፌንስ ላይ የሚፋጠጠው እንዲህ ዓይነት ምክር ሰምቶ ነው።

እህቴ፣ ሦስቱም መሣሪያዎች የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። እያንዳንዱ የእርሾ ጂን ላይ ባለሙያዎች ጥናት እያነበቡ የለጠፉት መለያ አለ። ጂን ኦንቶሎጂ፣ ባጭሩ ጂኦ ይባላል። በ1998 የእርሾ፣ የፍሬ ዝንብና የአይጥ ዳታቤዞች ተስማምተው የጀመሩት ነው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መለያው ሦስት ዘርፍ አለው፦ ፕሮቲኑ ምን ይሠራል፣ በየትኛው ሂደት ይሳተፋል፣ ሴሉ ውስጥ የት ይገኛል። መሣሪያው ዝርዝርሽን ያይና “ይህ መለያ እዚህ ውስጥ በዕድል ከሚጠበቀው በላይ በዝቷል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል።

ባቄላና አተር የተቀላቀለበት ጆንያ አስቢ። እጅሽን ሰደሽ አንድ እፍኝ ዘገንሽ። እፍኝሽ ውስጥ አተር በዛ ለማለት፣ ጆንያው ውስጥ ስንት አተር እንዳለ ማወቅ አለብሽ። ሃይፐርጂኦሜትሪክ ቴስት የሚባለው ይኸው ነው። ሰው ሁሉ እፍኙን ያያል፤ ጆንያውን የሚጠይቅ የለም።

በቁጥር ላሳይሽ፤ ለስሌት እንዲመች የተጠጋጋ ነው። እርሾ 6,000 ጂን አለው እንበል። 300ው የፕሮቲን ምርት ላይ የሚሠሩ ይሁኑ፤ 5 በመቶ መሆኑ ነው። ዝርዝርሽ 100 ጂን ቢሆን በዕድል 5 ይጠበቃል። 10 ካገኘሽ እጥፍ ሆነ፤ ፒ-ቫልዩውም ያምርልሻል። አሁን ግን ዳታሽ የመጣው ከፕሮቲዮሚክስ (ፕሮቲኖቹን ራሳቸውን በማሽን ከመለካት) ነው እንበል። ማሽኑ ማየት የቻለው 2,000 ፕሮቲን ብቻ ነው። የፕሮቲን ምርት ሠራተኞች ሴሉ ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ ከ300ው 180ው ታይተዋል። ጆንያው ተቀየረ፤ 180 ከ2,000፣ ማለትም 9 በመቶ። ከ100 ጂን 9 ይጠበቃል። ያው 10ሩ አሁን ምንም አይደለም። እርሾው ያው፣ ዝርዝሩም ያው።

በአርኤንኤ ሲኩዌንሲንግ ነገሩ እንዲህ አይከፋም። አብዛኛው የእርሾ ጂን ጥቂትም ቢሆን ይነበባል። ቢሆንም በእናንተ ሚዲያ ጭራሽ ያልተነበቡ ጂኖች ጆንያው ውስጥ ሊቆጠሩ አይገባም። መሣሪያዎቹ ደግሞ ካልነገርሻቸው የየራሳቸውን ጆንያ ነው የሚወስዱት። አንዱ ጂኖሙን ሁሉ ይቆጥራል፣ አንዱ መለያ ያላቸውን ብቻ። አጠራጣሪ የሚባሉ፣ ፕሮቲን መሥራታቸው ያልተረጋገጠ ጂኖችም አሉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱን የሚያስገባም የሚያስወጣም አለ።

ጌሾ_ቅጠል

ገባኝ መሰለኝ። ግን ጆንያውን የት ነው የምሰጣቸው? ገጹ ላይ እንደዚያ የሚል አላየሁም።

ስሌት_ወዳድ

አለ፤ ዓይን አይገባም እንጂ።

ጂኦ ተርም ፋይንደር ላይ ዝርዝርሽን ከለጠፍሽና ዘርፉን ከመረጥሽ በኋላ ወረድ በይ። የዳራ ዝርዝር (ጆንያው ማለት ነው) የሚለጠፍበት ሳጥን አለ። “አማራጭ” ስለሚል ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እዚያው አካባቢ የማስረጃ ዓይነት መምረጫም አለ። በኮምፒዩተር ግምት ብቻ የተለጠፉ መለያዎችን ማስወጣት ትችያለሽ። ጂ-ፕሮፋይለር ላይ ተጨማሪ አማራጮቹን ስትከፍቺ የስታቲስቲክስ ወሰን የሚል ታገኛለሽ፤ “ከስተም” በይና ለጥፊ። ዴቪድ ደግሞ ስታስገቢ የጂን ዝርዝር ነው ወይስ ባክግራውንድ ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱንም በየተራ ታስገቢያለሽ።

ዳራሽ ምን ይሁን? ዳታውን የተነተነልሽን ሰው ሙሉውን ሠንጠረዥ ጠይቂው። ለውጥ የታየባቸውን ብቻ ሳይሆን የተፈተኑትን ሁሉ።

ሌላው የልዩነት ምንጭ እርማቱ ነው። በሺህ የሚቆጠር መለያ ስትፈትኚ አንዳንዱ በዕድል ብቻ ቆንጆ ቁጥር ያመጣል፤ ስለዚህ ይታረማል። ተርም ፋይንደር ቦንፌሮኒ የተባለውን ጥብቅ እርማት ነው የሚጠቀመው። ጂ-ፕሮፋይለር ጂ-ኤስሲኤስ የሚለው የራሱ ዘዴ አለው፤ መለያዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የታቀፉ መሆናቸውን ያገናዝባል። ዴቪድ ኢዝ ስኮር የሚባል፣ የፊሸርን ቴስት ትንሽ ያጠበቀ ቁጥር ያሳይሻል፤ የታረመው ከጎኑ ባለው ዓምድ ነው። የአንዱን ያልታረመ ቁጥር ከሌላው ከታረመ ጋር ካስተያየሽ ዕድሜ ልክሽን አይገጥምልሽም።

ፒፔት_ያዥ

ዳራው ይሁን። ዴቪድን ግን ባትነካው ይሻላል። ለዓመታት ሳይታደስ የኖረ ነገር ነው።

ስሌት_ወዳድ

ያ ድሮ ነው። ከ2010 እስከ 2016 ዳታው እንዳለ ቆይቷል፤ እውነት ነው። በ2016 ኔቸር ሜተድስ ላይ ያረጁ መለያዎች ውጤትን ምን ያህል እንደሚያዛቡ የሚያሳይ ጽሑፍ ወጥቶ መነጋገሪያም ሆኗል። አሁን ይታደሳል። ለእርሾ ብቻ ከሆነ ግን እኔም ከኤስጂዲ ነው የምጀምረው። መለያውን የሚለጥፉት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ ሌላው ከእነሱ ነው የሚቀዳው። የተቀዳ ነገር ደግሞ ሁሌም ትንሽ ይዘገያል።

አሮጌ_ሴንትሪፉጅ

ልጆች፣ ስሌቱ ላይ ያላችሁት ልክ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ስላለው ልናገር።

ልጄ፣ ዝርዝሩን የትም ከመለጠፍሽ በፊት ቁጭ ብለሽ በዓይንሽ አንብቢው። የእርሾ ጂን ስም አድራሻውን ይዞ ነው የሚዞረው። ቲዲኤች3ን ውሰጂ። የመዝገብ ስሙ ዋይ-ጂ-አር-192-ሲ ነው። ዋይ እርሾ መሆኑን ይናገራል። ጂ ሰባተኛ ፊደል ነውና ሰባተኛው ክሮሞዞም። እርሾ 16 ክሮሞዞም ስላለው ፊደሉ ከኤ እስከ ፒ ይሄዳል። አር የቀኝ ክንድ ነው፤ ኤል ቢሆን የግራ። 192 ከሴንትሮሜር (ሁለቱ ክንዶች ከሚገናኙበት ቦታ) ተነስቶ ሲቆጠር ያለው ተራ ነው። የመጨረሻው ሲ ክሪክ ነው፤ ደብሊው ቢሆን ዋትሰን። ጂኑ ከሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች በየትኛው ላይ እንዳለ ነው የሚነግርሽ።

አሁን ዝርዝሩን በዚህ ስም ደርድሪው። ሠላሳ አርባው “ዋይ-ሲ”፣ “ዋይ-ሲ” እያለ ተከታትሎ ከመጣ ጠርጥሪ። እርሾሽ የሦስተኛውን ክሮሞዞም ትርፍ ቅጂ ይዞ ሊሆን ይችላል። በ2000 የወጣ ጥናት ጂን ከተነቀለባቸው የላብራቶሪ እርሾዎች ጥቂት የማይባሉት እንዲህ ዓይነት የክሮሞዞም ትርፍ ወይም ጉድለት እንደነበረባቸው አሳይቷል። ጂን ኦንቶሎጂ ይህን አይነግርሽም። እሱ የሚያየው ሥራን ነው፣ ሰፈርን አይደለም። ሁለት ሦስት ጎረቤት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ጋል1፣ ጋል10 እና ጋል7 ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ 020፣ 019፣ 018 ሆነው ተደርድረዋል። ጋላክቶስ ሲመጣ በእርግጥም አብረው ነው የሚነሡት።

ቢዋይ4741 ነው ያልሽው። ያ እርሾ ሂስ3፣ ሊዩ2፣ ሜት15 እና ዩራ3 የሉትም። ከሁለቱ ናሙናዎች አንዱ ላይ ብቻ ፕላዝሚድ (ከእነዚህ ጂኖች አንዱን የተሸከመ ክብ ዲኤንኤ) አስገብታችሁ ከሆነ ከእነዚህ አንዱ ዝርዝሩ አናት ላይ ቁጭ ይላል። አልኮሉ የለበትም፤ እናንተው ናችሁ ያስገባችሁት። በነገራችን ላይ ሜት15፣ ሜት17 እና ሜት25 አንድ ጂን ናቸው። ዝርዝርሽ ውስጥ በአንዱ ስም፣ ዳራሽ ውስጥ በሌላው ካለ መቁጠሪያው ይዛባል። ሁልጊዜ በዋይ የሚጀምረውን ተጠቀሚ።

ኤክሴልን ደግሞ አትመኚው። ኦሲቲ1 የሚባል የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይም ጂን አለ። ኤክሴል “ኦክቶበር 1” ብሎ ወደ ቀን ይለውጠዋል። የሰው ጂኖች ላይ ይህ ጣጣ ስለበዛ በ2020 የአንዳንዶቹን ስም እስከ መቀየር ተደርሷል። የእርሾው እስከ ዛሬ ከነስሙ አለ።

ጌሾ_ቅጠል

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደርድሬ አየሁት፤ በሁሉም ክሮሞዞም ተበታትኗል። ፕላዝሚድም አልነበረንም። ኦሲቲ1 ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ሙሉው ሠንጠረዥ ሲላክልኝ ግን “1-ኦክት” የሚል ረድፍ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ጠጅ_በብርሌ

ይቅርታ፣ ጨዋታ ላቋርጥ። የእኔ እርሾ ከፍሪዘር የወጣ አይደለም፤ ከጠጅ የለየሁት ሳካሮማይሲስ ነው። ይህ ሁሉ መሣሪያ ለእኔም ይሠራል?

አሮጌ_ሴንትሪፉጅ

ይሠራል፣ ገደቡን ካወቅህ።

መሣሪያዎቹ በደንብ የሚያውቁት አንድ እርሾ ነው፤ ኤስ288ሲ። በ1996 ጂኖሙ ተነቦ ያለቀው እሱ ነው። ኒውክሊየስ ካላቸው ፍጥረታት የመጀመሪያው ነበር። የዘር ሐረጉ በአብዛኛው በ1938 ካሊፎርኒያ፣ መርሴድ ላይ ከበሰበሰ በለስ ከተወሰደ እርሾ ይመዘዛል። ከጠጅ ጋር አይተዋወቅም። ላብራቶሪ የሚመቸው አንዱ ምክንያት ፍሎ8 የተባለው ጂኑ መበላሸቱ ነው። እንደ ዱር እርሾዎች ተጓጉሎ ታች አይቀመጥም። ሃፕ1 የተባለው ውስጥም ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ ገብቶበታል።

በ2018 ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ 1,011 እርሾዎች ጂኖም ታተመ። በድምሩ 7,796 ጂኖች ተቆጠሩ። ሁሉም ዘንድ የሚገኙት 4,940 ናቸው፤ የቀሩት አንዱ ጋ አሉ፣ ሌላው ጋ የሉም። ሪዶችህን (ማሽኑ ያነበባቸውን ቁርጥራጮች) ኤስ288ሲ ላይ ብቻ ካሰለፍክ፣ የጠጅህ እርሾ ለብቻው ያለው ጂን ከነጭራሹ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ዝርዝር ውስጥ ያልገባን የትኛውም ዌብሳይት አያገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ ከሪዶችህ ስንቱ ሳይሰለፍ እንደቀረ እይ። የቀረውን ገጣጥመህ በብላስት (ተመሳሳይ ፊደል ያለውን ጂን በሚፈልገው መሣሪያ) ፈልገው። ለእኔ ከኢንሪችመንቱ (የትኛው መለያ በዛ ከሚለው ስሌት) ይልቅ የሚያጓጓው እሱ ነው።

ጠጅ_በብርሌ

አንጀት የሚያርስ መልስ። የራሴን ክር እከፍታለሁ፣ የእህታችንን አላጨናንቅም።

ጌሾ_ቅጠል

ዳራውን ሰጥቼ ተርም ፋይንደርና ጂ-ፕሮፋይለር ላይ ደገምኩት። አሁን በጣም ተቀራረቡ። አናት ላይ ያሉት የፕሮቲን መተጣጠፍ፣ ለሙቀት ምላሽ፣ የትሬሃሎዝ ሜታቦሊዝም ናቸው። ኤችኤስፒ104፣ ኤችኤስፒ12፣ ኤችኤስፒ26፣ ቲፒኤስ1፣ ቲፒኤስ2፣ ሲቲቲ1 አሉበት። የቀነሱትንም ለብቻ ሞከርኩ፤ እሱ ራይቦዞም፣ ራይቦዞም፣ ራይቦዞም ነው።

ግን እኔ የሰጠሁት አልኮል ነው። ምን ሲደረግ ነው “ለሙቀት ምላሽ” የሚለኝ?

ስሌት_ወዳድ

ጂኖቹ መጀመሪያ የተገኙትና በብዛት የተጠኑት በሙቀት ስለሆነ ነው። መለያው የሚነግርሽ ሰው በምን እንደፈተናቸው ነው። አልኮልም ሙቀትም ፕሮቲን ያዛባሉ፣ የሴሉንም ሽፋን ያናጋሉ። ኤችኤስፒ104 ደግሞ የተጣበቁ ፕሮቲኖችን የሚፈታ ነው፤ ያጣበቃቸው ሙቀት ይሁን አልኮል ግድ የለውም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2000 ከስታንፎርድ የወጣ ሥራ አለ። እርሾን በሙቀት፣ በጨው፣ በኦክሲጅን መርዝ፣ በረሃብ፣ በሌላም ሌላም አስጨንቀው ለኩ። 900 ገደማ ጂኖች ለሁሉም ዓይነት ጭንቀት ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። 300 ገደማው ይነሣሉ፣ 600 ገደማው ይወርዳሉ። ከሚወርዱት ውስጥ የራይቦዞም ጂኖች ዋናዎቹ ናቸው። ስሙ ኢኤስአር ነው፤ አጠቃላይ የጭንቀት ምላሽ በይው። እርሾ እድገቱ ሲዘገይ ብቻ እንኳ ተመሳሳይ ነገር ይታያል። አልኮል ደግሞ እድገት ያዘገያል።

እንግዲህ አሁን ያገኘሽው “እርሾዬ ተጨንቃለች” የሚል ነው። ትክክል ነው። ዜና ግን አይደለም።

ፒፔት_ያዥ

እና ልጅቷን ባዶ እጇን ልትሰዳት ነው? ስሌት፣ አንተ ጋ የመጣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው የሚሄደው እኮ።

ስሌት_ወዳድ

የኢኤስአር ጂኖች ዝርዝር ከጽሑፉ ጋር በነጻ ይወርዳል። ከዝርዝርሽ ላይ ቀንሺው። ከዳራሽም ላይ ቀንሺ! ከአንዱ ብቻ ብትቀንሺ ጆንያው እንደገና ይዋሻል። ከዚያ የቀረውን ለጥፊ። ለአልኮል የተለየ ነገር ካለ እዚያ ነው የሚኖረው። ኢኤስአር ላይ ያገኘሽውን ደግሞ በአንድ አንቀጽ ጻፊና እለፊ። አይጣልም፤ ሙከራው መሥራቱን ያሳያል።

ሞቲፍ_አዳኝ

ዘግይቼ ደረስኩ። ሁላችሁም ጂኖቹ “ምን ይሠራሉ” ላይ ናችሁ። “ማን አዘዛቸው” የሚለውስ? ለእርሾ ለዚህ የሚሆነው ይስትራክት ነው። ሊዝበን ያሉ ሰዎች ከ2006 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሱት ነው። የትኛው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ጂን የሚያስነሣ ወይም የሚያወርድ ፕሮቲን) የትኛውን ጂን እንደሚያዝ ከታተሙ ጥናቶች ለቅመው መዝግበዋል። ዝርዝርሽን ትሰጫለሽ፣ አዛዦቹን በደረጃ ያወጣልሻል።

ከመግባትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ “የተመዘገበ” እና “ሊሆን የሚችል” የሚሉ ሁለት ዓይነት ግንኙነቶች አሉ። ሁለተኛው የዲኤንኤ ፊደል መገጣጠም ብቻ ነው። የአንቺን ጂኖች ያዛሉ ብዬ የምጠብቃቸው ኤምኤስኤን2 እና ኤምኤስኤን4 ናቸው፤ ኤችኤስኤፍ1ም ይጨመራል። የኤምኤስኤን2 ማረፊያ ኤጂጂጂጂ የሚል አምስት ፊደል ነው። አምስት ፊደል በዕድል በየ1,024 ቦታው አንዴ ይመጣል። 1,000 ፊደል ርዝመት ያለው ፕሮሞተር (ከጂኑ ፊት ያለ፣ አዛዦቹ የሚያርፉበት ዲኤንኤ) ላይ፣ ሁለቱንም ሰንሰለት ስትቆጥሪ፣ ሁለት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። የእርሾ ጂኖም ውስጥ ጂ እና ሲ አንድ ላይ 38 በመቶ ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩ ወደ አንድ ይጠጋል። ያም ሆኖ ከጂኖሙ ብዙው ጂን ማረፊያው አለው ማለት ነው! ፕሮሞተሩ ላይ ፊደሉ አለ ብለሽ ኤምኤስኤን2 ያዘዋል ብትይ ማንም አይቀበልሽም። “የተመዘገበ” የሚለውን ምረጪ። ከቻልሽ ደግሞ የመጣበቅም የኤክስፕሬሽንም ማስረጃ ያላቸውን ብቻ።

ሁለተኛ፣ ውጤቱን በፐርሰንት አትደርድሪው። ሺህ ምናምን ዒላማ የተመዘገበላቸው ፋክተሮች አሉ። የማንንም ዝርዝር ብትሰጪያቸው ግማሹን “የኔ ነው” ይላሉ። በፒ-ቫልዩው ደርድሪ።

ጌሾ_ቅጠል

በጣም አመሰግናለሁ። የስትሪንጉ ሥዕልስ ምንም አይጠቅምም?

ሞቲፍ_አዳኝ

ይጠቅማል፣ እንዲህ አድርገሽ ካጠራሽው። ሲከፈት የእርግጠኝነት መጠኑ 0.4 ላይ ነው፤ ወደ 0.7 ወይም 0.9 ከፍ አድርጊ። ከዚያ “ቴክስት ማይኒንግ” የሚለውን ምልክት አንሺ። እሱ ሁለት ጂኖች በጽሑፎች ውስጥ አብረው ስለተጠሩ ብቻ መስመር ያሰምራል፤ እርሾ ላይ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር የለም። መስመሩ ሁሉ ፕሮቲኖቹ ይነካካሉ ማለትም አይደለም። አካላዊ ግንኙነት ብቻ ከፈለግሽ ለብቻው መምረጫ አለው። ያኔ ሥዕሉ ይሳሳል፤ የቀረው የሚያወራ ይሆናል።

የጂኖች የእርስ በርስ ጥገኝነት ካስፈለገሽ ደግሞ ዘ ሴል ማፕን እይ። ሁለት ሁለት ጂን እየነቀሉ የእርሾውን እድገት ለክተው በ2016 ወደ 900,000 የሚጠጋ ግንኙነት ያወጡበት ሥራ እዚያ ተቀምጧል። ለአንቺ ጥያቄ ግን የግድ አይደለም።

አሮጌ_ሴንትሪፉጅ

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ፣ ከ200ዎቹ ውስጥ መለያ የሌላቸው ስንት ናቸው? ኤስጂዲ ላይ “ሥራው አይታወቅም” የሚባሉት። ማንም ዌብሳይት አያነሣልሽም፤ የሚቆጥረው የሚታወቀውን ነው። ከእነሱ ውስጥ በጣም የተነሡትን አምስቱን ለይተሽ ገጻቸውን ክፈቺ። የትኛው ሙከራ ላይ ብቅ እንዳሉ፣ ፕሮቲኑ የት እንደታየ፣ ሲነቀል ምን እንደሚሆን ተጽፏል። እንደ ራይቦዞም ያሉት ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፤ 79ኙን ፕሮቲን የሚሠሩት 137 ጂኖች ናቸው። ብዙዎቹ ሁለት ሁለት መንትያ አላቸው፣ ፊደላቸውም በጣም ይመሳሰላል። ተንታኙ ሁለት ቦታ የሚሰለፉ ሪዶችን ምን እንዳደረጋቸው ጠይቂ።

ጌሾ_ቅጠል

17 አሉ፣ ሥራቸው የማይታወቅ። ነገ ተቀምጬ አነባቸዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። አማካሪዬ “ፓይ ቻርት አድርጊው” ብለዋል። በተጨማሪ ሜተድስ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ፒፔት_ያዥ

ፓይ ቻርት? እሱ እንኳ ለእኔም በዛ።

ስሌት_ወዳድ

ፓይ አይሆንም። አንድ ጂን አምስት ስድስት መለያ ስላለው ቁርጥራጮቹ ተደምረው መቶ አይመጡም። ይህን በትሕትና ንገሪያቸው፤ “ጋሼ አይሆንም” ሳይሆን “ጂኖቹ ይደጋገማሉና እንዴት ላድርገው?” በያቸው። ራሳቸው ይተዉታል።

ይልቅ ውጤቱን ሬቪጎ ላይ አስገቢ። ዛግሬብ የተሠራ ነው። ተመሳሳይ መለያዎችን አጣጥፎ ወካዩን ያስቀራል፤ ዝርያውን ወደ እርሾ መቀየርሽን አትርሺ። የቀሩትን ስምንት አሥር መለያዎች በነጥብ ሥዕል አሳዪ። አግድም የብዛት እጥፉን፣ በነጥቡ ስፋት የጂኑን ቁጥር፣ በቀለም የታረመውን ፒ-ቫልዩ።

ሜተድስ ላይ፦ የመሣሪያው ስም፣ የተጠቀምሽበት ቀንና ቨርዥን፣ የዝርዝርሽ ጂን ብዛት፣ ስንቱ እንደታወቀልሽ፣ ዳራሽ ምን እንደሆነና ስንት ጂን እንዳለው፣ የእርማቱ ዓይነት፣ የፒ-ቫልዩ መቁረጫው። ጂ-ፕሮፋይለር የድሮ ቨርዥኖቹን ያስቀምጣል፤ ቁጥሩን ከጻፍሽ ከሁለት ዓመት በኋላም ሰው መድገም ይችላል። ሁለቱን ዝርዝሮች እንደ አባሪ አያይዢ፤ በኤክሴል ሳይሆን በተራ ጽሑፍ ፋይል።

ጌሾ_ቅጠል

ኢኤስአሩን ከሁለቱም ቀንሼ የቀረው ላይ ምንም ባይወጣስ?

ስሌት_ወዳድ

“ምንም አልወጣም” ብለሽ ጻፊ። ከነዝርዝሩ ብዛት፣ ከነዳራው ብዛት። ከዚያ ጋሼ ወዳሉሽ 17ቱ ሂጂ።